እናት ትገባለች፤ ልጇስ?



እናቴ የምትኖረው በላስታ፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ቤተ መቅደስ በታች ነው። መራመድ የማይችለውን ታናሽ ወንድሜን የምታነሣውም የምታስተኛውም እርሷ ናት። እኔ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ። በዚያ ሀገር ሕግ 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ለወላጁ ሲያመለክት የቪዛ ኮታ አያግደውም። ለወንድምና ለእኅት ግን ከነቤተሰባቸው በዓመት የተመደበው 65,000 ቪዛ ስለሆነ፣ ተራው ከዐሥር ዓመት በላይ ያስጠብቃል። የአካል ጉዳት ተራውን አያሳጥረውም። እናትም በዜጋ ልጇ ማመልከቻ ስትገባ ሌላውን ልጇን ማስከተል አይፈቀድላትም። የመኖሪያ ፈቃድ ካገኘች በኋላ ላላገባው ልጇ ማመልከት ትችላለች፤ ያም ቢሆን ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያስ ማን ያነሣዋል?

የካናዳ ሕግ በአንጻሩ፣ ከ22 ዓመቱ በፊት ጀምሮ በወላጁ ድጋፍ የሚኖርንና በአካል ወይም በአእምሮ ሁኔታው ምክንያት ራሱን መቻል ያልቻለን ልጅ፣ ዕድሜው ቢያልፍም የወላጁ ጥገኛ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ስለ ኮታ ብዛት አይደለም፤ ሕግ «ቤተሰብ» ሲል ማንን ይቆጥራል የሚል ነው። እናቴ መልሷን ሰጥታኛለች፦ «እርሱን ትቼ አልመጣም»። የሞላሁት ቅጽ እስከ ዛሬ ሳይላክ ጠረጴዛዬ ላይ አለ።