የጉልበት ሎሚ ስለምን ይወልቃል?



ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት በእግሩ የሚወርድ ጎጃሜ ሰውነቱን የሚገታው በጭኑ ጡንቻ ነው። የጡንቻውን ኃይል ወደ ቅልጥም የሚያስተላልፈው መዘውር የጉልበት ሎሚ ሲሆን፣ መሄጃውም በጭን አጥንት ጫፍ ያለው ቦይ ነው። ቦዩ ጥልቀት ሲያንሰው ወይም ጅማቱ ከመሥመሩ ሲዛባ ሎሚው ይወልቃል፤ በሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጭ፣ በትንንሽ ዘር ውሾች ወደ ውስጥ።

ውሻው ጥቂት እርምጃ አንክሶ እግሩን ሲዘረጋ ሎሚው ስለሚመለስ ባለቤቱ ዳነ ብሎ ይተወዋል፤ ገበሬውም ወጌሻ ከመለሰለት በኋላ እርሻውን ይቀጥላል። ይሁንና የወፍጮ ቀበቶ ደጋግሞ ሲወጣ ባለሙያው መዘውሩን ይመረምራል እንጂ ቀበቶውን መልሶ ብቻ አይሄድም። ለጉልበትም የሚገባው ይኸው ነው፦ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሄዶ በራጅ መታየት፣ የጭን ጡንቻን በልምምድ ማጠንከር፣ ካስፈለገም ቀዶ ጥገና። በየጊዜው የሚወልቅ ሎሚ የመገጣጠሚያውን ልባስ እየፋቀ ሰውን ለዘለቄታ ሕመም ይዳርጋልና።