ለአስጎብኚዎችና ለእንግዳ ተቀባዮች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክፍለ ከተማችን ንፋስ ስልክ ላፍቶ የአዲስ አበባ የደቡብ ምዕራብ በር ነው። ከእንጦጦ ተዳፋት እየወረደ የሚመጣው መሬት እኛ ዘንድ ሲደርስ ይለዝባል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ፉሪ ተራራ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከአጠገባችን ይታያል። አየሩ ወይና ደጋ ነው። የውጭ እንግዳ ግን አፍሪካ ሲባል ሙቀት ብቻ ጠብቆ ይመጣል። ስለዚህ ሻንጣውን ሳይዘጋ ንገሩት፤ ሐምሌና ነሐሴ ያለ ጃንጥላ አይወጣም፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ ብርድ ልብስ ያስደርባል።

በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የጅቡቲ ባቡር የሚመጣ መንገደኛ የሚወርደው ለቡ ጣቢያ ነው። ወደ መልካ ቁንጡሬ፣ ወደ አዳዲ ማርያም ውቅር ቤተ ክርስቲያንና ወደ ጢያ ትክል ድንጋዮች የሚሄደውም በጀሞ በኩል ይወጣል። ጢያ በ1972 ዓ.ም.፣ መልካ ቁንጡሬ ደግሞ ከባልጪት ጋር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። መንገዱ በደጃችን እያለፈ እንግዳው ቁርሱን እንኳ ሳይበላ ማለፉ ያስቆጫል።

በየመድረኩ «እናንተ ጋ ምን ይጎበኛል?» እየተባልን እንጠየቃለን፤ እንወቀሳለንም። እኔ በበኩሌ መልሳችን ሊሆን ስለሚችለው ስለ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ሳልናገር ከዚህ አልወርድም። ይህ ወንዝ በመካኒሳና በላፍቶ አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል፣ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላል። ውኃው ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። እዚህ እኛ የጣልነውን የአዋሽ ተፋሰስ ሕዝብ ይቀበለዋል ማለት ነው። ወንዙ ዳር ቆማችሁ ብታዩ፣ ቆስጣውና ሰላጣው ለምለም ሆኖ ሲጠጣ፣ አጠገቡ ጠቁሮ በሚወርደው ውኃ ላይ አረፋ ሲንሳፈፍ ታያላችሁ። አትክልቱ የሚቀርበው ለገበያችን ነው። የፋብሪካውም፣ የመኖሪያ ቤቱም ፍሳሽ ማረፊያው ወንዙ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የተነሣውም ችግሩ ቢከብድ ነው።

ሠልጣኞች ሆይ፣ እንግዳ ስለ ወንዙ ሽታ ሲጠይቃችሁ ወሬ አታስቀይሩ። ወንዙ ከየት እንደሚመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ በግልጽ አስረዱት። የሆቴል ባለቤቶችም የፍሳሽ ቱቧችሁ መጨረሻው የት እንደሆነ ዛሬውኑ ሄዳችሁ እንድታዩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤታችን ከሚመለከታቸው ሁሉ ጋር ተቀናጅቶ የወንዙን ዳርቻ የመዝናኛና የጉብኝት ስፍራ ለማድረግ ይሠራል።

ሥልጠናው ፍሬያማ እንዲሆን እየተመኘሁ በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ።