የሕዋሳችን መሣሪያ ከወዴት መጣ?



የሰው ሕዋስ አስኳል፣ ቅርጹን የሚይዝ አውታርና ኃይል የሚያመነጭ ክፍል አለው። ይህ ሁሉ መሣሪያ ከወዴት ተገኘ?

የጃፓን ሊቃውንት በ2006 እ.ኤ.አ. 2,533 ሜትር ከሚጠልቅ የባሕር ወለል ጭቃ አወጡ። በውስጡ ያለችውን አንዲት አርኬያ የምትባል ረቂቅ ነፍስ ለይቶ ማሳደግ ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ፤ ውጤቱም በ2020 ታተመ። አንዳንዱ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ ሲባዛ እርስዋ ከ14 እስከ 25 ቀን ትፈልጋለች፤ በመዝገብ ቤት የተኛ ፋይል እንኳ ከዚህ ሳይፈጥን አይቀርም።

ፍሬ ነገሩ ግን ወዲህ ነው። አስኳል የሌላት ይህች ፍጥረት የእኛን ሕዋስ አውታር ከሚሠራው አክቲን ጋር የሚዛመድ ፕሮቲን አላት። ከገላዋም እንደ ክንድ የረዘሙ ቅርንጫፎች ትዘረጋለች። ያደገችውም የምታስወጣውን ሃይድሮጂን ከሚቀበላት ጎረቤት ጋር ነው። ሊቃውንቱ እንደሚገምቱት ጥንታዊት ዘመድዋ በእንዲህ ያሉ ክንዶች አንዲት ባክቴሪያ አቅፋ አስቀረች፤ ያቺም ባክቴሪያ ዛሬ ኃይል የምታመነጭልን ሚቶኮንድሪያ ሆነች። የሚቶኮንድሪያ ዘር ከባክቴሪያ መሆኑ በብዙ ማስረጃ ተረጋግጧል፤ በክንድ የመታቀፍዋ ነገር ግን ገና ክርክር አለበት።