በሬዲዮ ፊት የቆመው ወታደር

በሸነን፣ በጊንጪ፣ በአምቦና በየገጠሩ ያላችሁ አድማጮቻችን! የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ጀግና ወታደር ነው።

ጃገማ ኬሎን ታውቋቸዋላችሁ። የደንዲ ልጅ ነበሩ። ፋሽስት ጣሊያን አገራችንን ሲወር በ15 ዓመታቸው ዱር ገቡ። ታዲያ ፋሽስቶችን በገዛ አገራቸው፣ በጣሊያንም የተዋጓቸው ሰዎች ነበሩ። ከነሱ አንዱ አፍሪካዊ ነበር። ስሙ ጆርጆ ማሪንኮላ ይባላል።

ማሪንኮላ በ1916 ዓ.ም. ሶማሊያ ውስጥ ተወለደ። እናቱ ሶማሌ፣ አባቱ የጣሊያን ወታደር ነበሩ። በልጅነቱ ወደ ጣሊያን ተወሰደ። እዚያው አደገ፤ ተማረ። ሐኪም ልሁን ብሎም ሮም ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በ1936 ዓ.ም. ጣሊያን ለሁለት ተከፈለች። እኩሌቶቹ ከሂትለር ጋር ቆሙ። እኩሌቶቹ ጫካ ገቡ። የአንድ አገር ሰዎች ተጋደሉ። ይህ የእርስ በርስ ጦርነት ይባላል።

ማሪንኮላ ከአርበኞቹ ጋር ተሰለፈ። ሮም ነጻ ስትወጣ ትምህርቱን መቀጠል ይችል ነበር። እሱ ግን ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተመዝግቦ፣ ጠላት በያዘው በሰሜን ጣሊያን በፓራሹት ወረደ።

በጥር 1937 ዓ.ም. ተማረከ። ፋሽስቶቹ ሬዲዮ ጣቢያ ወስደው ጓዶቹን እንዲያወግዝ አዘዙት። ማሪንኮላ ማይክሮፎኑን ያዘ። አገር ማለት ነጻነትና ፍትሕ እንደሆነ ተናገረ። ስርጭቱን ቆርጠው ደበደቡት። ከዚያም ቦልዛኖ በሚባል ቦታ ማጎሪያ ካምፕ አስገቡት።

በሚያዝያ 22 ተፈታ። ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ሰላም አገር መሄድ ይችል ነበር። እምቢ ብሎ እንደገና ከአርበኞቹ ጋር ሆነ። በሚያዝያ 24 ጣሊያን ውስጥ ጦርነቱ አለቀ ተባለ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በሚያዝያ 26 ቀን 1937 ዓ.ም. የሚሸሹ የጀርመን ወታደሮች ገደሉት። ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ከዓመታት በኋላ የጣሊያን መንግሥት ከፍተኛውን የጀግንነት የወርቅ ሜዳይ ሸለመው።

አድማጮቻችን፣ ማሪንኮላ ጠመንጃ ይዞ ተዋግቷል። ግን ያን ቀን በእጁ ምንም አልነበረም። የሰው ቃል ድገም ሲሉት፣ የራሱን ቃል ተናገረ። እናንተም ፊደል የምትቆጥሩት ራሳችሁ አንብባችሁ፣ ራሳችሁ እንድትፈርዱ ነው።

አሁን ደብተራችሁን አውጡ። «አገር ለእኔ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የጻፋችሁትንም ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።