ዜናው የሕዝብ ይሁን!
(የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ለመራጮች ያደረጉት ንግግር)



ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕወሓት «ደሴ ገባሁ» ሲል መንግሥት «ከተማዋ በእጄ ናት» አለ። እናንተ ግን ተኩሱን በጆሯችሁ እየሰማችሁ፣ ልጅ አዝላችሁ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ትወርዱ ነበር። ስንቱ ሬዲዮ አምኖ ከቤቱ ቀረ? ኅዳር 16 ቀን ደግሞ ካልተፈቀደለት በቀር ማንም ስለ ጦር ግንባሩ መረጃ እንዳያወጣ ታገደ። የአሶሼትድ ፕሬሱ አሚር አማን አራት ወር ታሰረ። ሌላው ተሰደደ፤ ሌላው የተሰጠውን አነበበ፤ አንፈርድበትም፣ የእንጀራ ነገር ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29(5) በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዛል። በ2017 ዓ.ም. ግን የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር ሹመት ከምክር ቤቱ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዞረ። ብትመርጡን ሹመቱን ለምክር ቤቱ እንመልሳለን፤ የቦርዱም አባላት ከማናቸውም ፓርቲ፣ ከእኛም ጭምር፣ ነጻ ይሆናሉ።