ሰው በዕጣ ወይስ በምርጫ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ከጨዋታ ክበብ አባላት በአንዱ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ስለ ጨዋታ ነው። በእንዲህ ያለ ታላቅ በዓል ስለ ጨዋታ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንደ ቀልድ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን ጨዋታ ሕግ አለው፤ ሕግ ባለበት ስፍራ ፍርድ አለ፤ ፍርድ ባለበትም የሰው ክብር አለ። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ በትሕትና እለምናችኋለሁ።

አባቶቻችን ካወረሱን ጨዋታዎች መካከል ገበጣና ሠንጠረዥ ይገኛሉ። በገበጣ ጠጠሩ ለሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ተቆጥሮ ይሰጣል። በሠንጠረዥም ንጉሡ፣ ፈረሱና እግረኛው ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነው። ሆኖም የጥንቱ የኢትዮጵያ ሠንጠረዥ ወረራ የሚባል ልዩ ሥርዓት ነበረው። ይኸውም ከሁለቱ ወገን አንድ ተሰላፊ እስኪማረክ ድረስ ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠባበቁ፣ እያንዳንዱ እንደ ፈቀደው ሠራዊቱን ያሰልፍ ነበር። መነሻው እኩል ነው፤ አሰላለፉ ግን የየራስ ምርጫ ነው። ክበባችን ሊሠራው የተነሣው ጨዋታም በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለ አዲስ ዓይነት ጨዋታ አሳተሙ። በዚህ ጨዋታ አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ የተረት ሰው ይይዛሉ። ተራኪው «ከፊታችሁ የሞላ ወንዝ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ሲል ተጫዋቾቹ ተመካክረው ይመልሳሉ። ነገሩ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ተጥሎ ይወሰናል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ከጨዋታው በፊት ይመጣል፤ ይህ የተረት ሰው እንዴት ይፈጠራል? ጉልበቱንና ብልሃቱን ማን ይወስናል?

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ሦስት ዓይነት መልስ ተሰጥቷል።

የመጀመሪያው ዕጣ ነው። በ1974ቱ ሕግ ለእያንዳንዱ ባሕርይ ሦስት ዳይስ ተጥሎ ድምሩ ይጻፍ ነበር። ሦስት ዳይስ በ216 ዓይነት መንገድ ሊወድቅ ይችላል፤ ከእነዚህ መካከል 18 የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው፤ 10 ወይም 11 የሚሰጡት ግን 54 ናቸው። ስለዚህ ብዙው ሰው መካከለኛ ይሆናል። ይህ ከአድልዎ የራቀ ቢመስልም፣ ዕጣ የከዳው ልጅ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ደካማ ሆኖ የጓደኛውን ጀግንነት ሲመለከት ይውላል።

ሁለተኛው መልስ ግዢ ነው። በ1981 የወጣው ቻምፒየንስ የተባለው ጨዋታ ለተጫዋቾች እንደ ገንዘብ የሚቆጠር ነጥብ ሰጥቶ የፈለጉትን ችሎታ እንዲገዙ አደረገ። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» እንዲሉ፣ ጉልበት ያበዛ ብልሃት ይጎድለዋል፤ ሁሉንም ማግኘት አይቻልም።

ሦስተኛው መልስ ትውልድ ነው። በ1974ቱ ሕግ ድንክ ሆኖ የተፈጠረ ሰው ተዋጊ ከመሆን በቀር ሌላ ሙያ መያዝ አይችልም፤ በተዋጊነቱም ከስድስተኛው ደረጃ አያልፍም ነበር። ምንም ያህል ቢደክም ትውልዱ በር ይዘጋበታል። ይህ ገደብ በ2000 በወጣው እትም ተነሣ። በ2024 በወጣው መጽሐፍ ደግሞ የባሕርይ ጭማሪ ከትውልድ ተነጥሎ ሰውየው በኖረበት ሕይወትና ሥራ ላይ ተመሠረተ። የጨዋታው ሠሪዎች ከዚህ ለመድረስ ሃምሳ ዓመት ፈጀባቸው።

አሁን ወደ ራሳችን ጨዋታ ልምጣ። ታሪኩ የሚፈጸመው በጥንቱ የካፋ መንግሥት ነው። ይህ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ ተማረከበት ጊዜ ድረስ የቆየ፣ ድንበሩ በጥልቅ ጉድባና በኬላ የተጠበቀ ነበር። ንጉሡም ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩት።

አምስት ባሕርያት መርጠናል፤ እነርሱም ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ብልሃት፣ ትዕግሥትና አንደበት ናቸው። ማንኛውም ሰው በእያንዳንዱ 3 ይዞ ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ የሚያከፋፍለው 15 ነጥብ ይሰጠዋል። እስከ 6 ለመድረስ እያንዳንዱ እርምጃ አንድ ነጥብ ይፈጃል፤ ከ6 በላይ ግን እስከ 9 ድረስ ሁለት ሁለት ነጥብ ይፈጃል። ፈተና ሲመጣ ሁለት ዳይስ ይጣላል፤ ድምሩ ከባሕርዩ ካልበለጠ ሥራው ተሳካ። ሁለት ዳይስ ከሚወድቅባቸው 36 መንገዶች መካከል ባሕርዩ 3 ለሆነ ሰው 3ቱ፣ 6 ለሆነው 15ቱ፣ 9 ለሆነው 30ዎቹ ይሳኩለታል።

ላይኛው እርምጃ ስለ ምን ተወደደ ትሉ ይሆናል። አንድ ነገር እጅግ የሚችል ሰው በመጣው ፈተና ሁሉ ያንኑ ችሎታውን ሊጠቀምበት ይሻል። ዋጋው ርካሽ ቢሆን ሁሉም በአንድ ባሕርይ ብቻ የገነነ ሰው ይፈጥርና ጓደኛ አያስፈልገውም ነበር። በዚህ ሕግ ግን አንዱን ባሕርይ 9 ለማድረስ 9 ነጥብ ይጠፋል፤ ሁለቱን 9 ማድረስም ጨርሶ አይቻልም። ስለዚህ ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው ይፈላለጋሉ።

ቀጥሎ ሙያ ይመረጣል፤ ንብ አናቢ፣ አንጥረኛ፣ የኬላ ጠባቂ፣ መድኃኒት አዋቂ፣ አዳኝ። በሙያው ሥራ የተፈተነ ሰው ባይሳካለት አንድ ጊዜ ደግሞ ዳይስ ይጥላል። ረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ መስቀል ለንብ አናቢው እንጂ ለኬላ ጠባቂው ቀላል አይሆንም።

እያንዳንዱ ሰው አንድ ጉድለትም ይኖረዋል። አንዳንድ የውጭ ጨዋታዎች ጉድለት ለሚይዝ ሰው ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣሉ። እኛ ይህን አልተቀበልነውም፤ ብልጡ ተጫዋች «ባሕር ይፈራል» ብሎ ጽፎ ነጥቡን ይወስዳል፤ በቦንጋ ተራራ ላይ ደግሞ ባሕር ከየት ይመጣል? ስለዚህ ጉድለቱ በጨዋታው መካከል በእውነት ሲጎዳው ብቻ፣ ለሌላ ጊዜ የሚሆን አንድ ተጨማሪ መጣያ ይሰጠዋል።

ክበባችንን ለሁለት የከፈለው ግን ትውልድ ነበር። እንደምታውቁት በአገራችን ልማድ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪው በሥራቸው ሲናቁ ኖረዋል። በዚሁ በካፋም ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡና እንዳይጋቡ ተከልክለው ኖረዋል። ከመካከላችን ጥቂቶች «ታሪኩ እንዲህ ስለ ነበረ በሕጋችን ይግባ፤ ትውልድ በዕጣ ይውጣ፤ ሙያውንም ትውልዱ ይወስን፤ ይህን መሰረዝ ታሪክን መዋሸት ነው» አሉ።

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ እውነትም አለበት። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባናል። በተረቱ ውስጥ ያለ የኬላ ሹም ሰውን በትውልዱ ሊንቅ ይችላል፤ ተራኪውም ይህን ሳይደብቅ ሊያሳየን ይገባዋል፤ ተጫዋቾችም ሹሙን ሊከራከሩት፣ ሊያሳፍሩት ይችላሉ። ሕጉ ራሱ ቁጥር ሲቀንስና ሙያ ሲከለክል ግን ንቀቱ የሹሙ መሆኑ ቀርቶ የእኛ የሠሪዎቹ ፍርድ ይሆናል። ከሹም ጋር መከራከር ይቻላል፤ ከድምር ጋር መከራከር ግን አይቻልም። ደግሞም ጨዋታው የሚካሄደው በአንድ ገበታ ዙሪያ ነው። በዚያ ገበታ የተቀመጠ ጓደኛችን በቤቱ የሚያውቀውን ስድብ በወረቀት ላይ በቁጥር ተጽፎ ቢያገኘው፣ ጨዋታ ነው ብሎ ይስቃል ብለን ማሰብ የለብንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በ25ኛው አንቀጽ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል፤ የተማሪዎች ጨዋታ ከዚህ ያነሰ ሕግ ሊኖረው አይገባም።

ስለዚህ ከብዙ ክርክር በኋላ እንዲህ ተስማማን። ትውልድ ከታሪክ ጋር ይጻፋል፤ ተጫዋቹ ራሱ ይመርጠዋል፤ ነጥብ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ የማንንም ሙያ አይዘጋም። ዕጣ ቦታው በፈተና ጊዜ ነው፤ በአፈጣጠር ጊዜ ግን ምርጫ ይቀድማል።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤ ሰው አገሩን፣ ወላጆቹንና የተወለደበትን ቀን መርጦ አይመጣም። ትምህርት ቤት የተሠራውም ይህ ያልተመረጠ መነሻ የሰው መድረሻ እንዳይሆን ነው። ጨዋታችንን ስትመለከቱ የጎደለውን እንድትነግሩን እንለምናለን፤ ሕግ በምክር ይስተካከላልና። ጓደኞቼም ሆይ፣ በክበባችን ገበታ ዙሪያ ቦታ አለ፤ ማንም ሰው የማን ልጅ ነህ፣ የማን ልጅ ነሽ ሳይባል ኑ፣ ተቀመጡ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።