ትንሹ አውሮፕላን በምድር ላይ፤ የመሐንዲሱ ድርሻ



በብዙ ሰው አሳብ የአውሮፕላን አደጋ የሰማይ ነገር ነው። ጎማው መሬት ሲነካ መንገደኛው እፎይ ይላል፤ ሊቀበለው የመጣውም ዘመድ «በሰላም ገባ» ይላል። ይሁን እንጂ በረራ የሚጀምረው ጎማው ከመሬት ሲለቅ አይደለም፤ የሚፈጸመውም መሬት ሲነካ አይደለም። አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ተነሥቶ ማኮብኮቢያው እስኪደርስ፣ ካረፈም በኋላ ተመልሶ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ያለው የምድር ጉዞ፣ አብራሪዎች «ታክሲ ማድረግ» የሚሉት፣ የበረራው አካል ነው። በዚህ ጉዞ ለሚደርስ አደጋ ዘወትር የሚጠየቀው አብራሪው ነው። ዳሩ ግን የአደጋው ጥንስስ ብዙ ጊዜ መሬቱን ባዘጋጀው መሐንዲስ ንድፍ ላይ ይገኛል።

በመጀመሪያ የአውሮፕላኑን ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል። በ1970ዎቹ ማብቂያ ገደማ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ አበባ ላይ እየገጣጠመ «እሸት» የሚል ስም የሰጠው የእርሻ መርጫ አውሮፕላን ከጭራው ሥር ትንሽ ጎማ ካላቸው ወገን ነው። በእንዲህ ያለ አውሮፕላን የክብደቱ ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች በስተኋላ ይውላል። ስለሆነም በመሬት ላይ ሲሄድ ጭራው ወደ ጎን መወዛወዝ ከጀመረ፣ ክብደቱ ራሱ ውዝዋዜውን ያባብሰዋል። አብራሪው ፈጥኖ ካልያዘው አውሮፕላኑ ባለበት ይሾራል፤ የክንፉ ጫፍ መሬት ይመታል፤ የጎማው እግርም ሊሰበር ይችላል። በዚህ ላይ አፍንጫው ቀና ያለ ስለሆነ የፊቱን እይታ ይጋርዳል፤ አብራሪውም ከፊቱ ያለውን ለማየት ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ መንዳት አለበት። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ወይም የጉድጓድ አፍ ቢመታ ጉዳቱ በስለቱ ብቻ አይወሰንም፤ ሞተሩም ተፈትቶ መመርመር ይኖርበታል።

አሁን ይህን አውሮፕላን በአሳብ ወደ ምዕራብ ጎጃም እናምጣው። ዛሬ ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከቡሬ በአየር መጓዝ የፈለገ ሰው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ይሁንና እንደ ብርና እንደ አየሁ ያሉ ሰፋፊ እርሻዎች ባሉበት አገር፣ ለተባይ መከላከያም ሆነ ለድንገተኛ ሕክምና የሚያገለግል የአፈር ሜዳ እንዲቀየስ አንድ ቀን መሐንዲስ ይጠየቅ ይሆናል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1900 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ ቡሬም ከዚያ ከፍ ትላለች። በ1900 ሜትር ከፍታ አየሩ፣ በመደበኛው ስሌት፣ ከባሕር ወለል አየር በ17 ከመቶ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ አውሮፕላኑ መሬት የሚነካበት እውነተኛ ፍጥነት በ10 ከመቶ፣ ፍሬኑ ሊያበርደው የሚገባው ጉልበት ደግሞ በ20 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። በክረምት ቀዩ አፈር ረጥቦ ሲያሟልጭ ፍሬኑ ይከዳል። ሜዳውም ካልታጠረ የከብት ማሰማሪያና የገበያተኛ አቋራጭ መንገድ መሆኑ አይቀርም። የሚሽከረከር ፕሮፔለር ለዓይን አይታይም፤ ጥጃውን ተከትሎ ሜዳ የገባ እረኛ ልጅ ይህን ከየት ያውቃል?

የሜዳው አካባቢ ምን ያህል እንደሚጎዳ ጎጃም ራሱ አይቶታል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር በመነሣት ላይ በነበረ አንድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ የርግብ መንጋ ገባ። አውሮፕላኑ ሊመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ ኃይል አጥተው በሆዱ አረፈና በእሳት ተያያዘ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ይህ የትንሽ አውሮፕላን አደጋ አይደለም፤ የታክሲም አደጋ አይደለም። ትምህርቱ ግን ለሁሉም ነው፤ በማኮብኮቢያው ዙሪያ የሚበላና የሚያድር ፍጥረት ሁሉ የንድፉ ጉዳይ ነው።

የውጭውም ዓለም ምስክር ነው። መስከረም 28 ቀን 1994 ዓ.ም. በሚላኖ ሊናቴ አየር ማረፊያ አንድ ትንሽ ሴስና ሳይቴሽን አውሮፕላን በጉም ውስጥ በተነገረው መተላለፊያ ፈንታ ሌላውን ይዞ፣ ለመነሣት በሚያኮበኩብ ትልቅ አውሮፕላን ፊት ገባ፤ 118 ሰዎች አለቁ። አብራሪው ተሳስቷል፤ ነገር ግን የመሬት ራዳሩ አይሠራም ነበር፤ የመተላለፊያዎቹ ምልክቶችም ጉድለት ነበረባቸው። አብራሪው መሬት ላይ አንብቦ በሬዲዮ የጠራውን ምልክት ተቆጣጣሪው አላወቀውም። ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ሐኔዳ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ፈቃድ ያገኘ መስሎት ማኮብኮቢያው ላይ ገብቶ ቆመ፤ ሲያርፍ የነበረ ትልቅ አውሮፕላንም ገጨው። ከጠረፍ ጥበቃው 6 ሰዎች 5ቱ ሲሞቱ፣ የትልቁ 379 ሰዎች ከእሳቱ አመለጡ።

እንግዲህ መሐንዲሱ ምን ያድርግ? ነፋሱ የሚበረታበትን አቅጣጫ ከመጥረቢያና ከአካፋ በፊት ያጥና። ውኃ የሚወርድበትን ቦይ ከጎማ መንገድ ያርቅ፤ አፉንም ክፍት አይተው። የነፋስ አመልካቹን ከየትም በሚታይ ስፍራ ይትከል። በመሬት ላይ የሚጻፈው ምልክት በካርታው ካለው፣ በሬዲዮም ከሚጠራው ጋር አንድ ይሁን። አጥሩን «በጀት ሲገኝ» ብሎ አያቆየው፤ ለከብቱና ለገበያተኛውም ሌላ መንገድ ያውጣላቸው፤ መንገድ ያልተሰጠው ሕዝብ አጥር ቢያፈርስ አይፈረድበትምና። አብራሪውም በበኩሉ ፈጠን ካለ የእግረኛ ርምጃ አይለፍ፤ ሞተሩ ሳይጠፋም ማንም ሰው ወደ አውሮፕላኑ አይጠጋ።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም ጎዳና ማለት ነው። ትንሹ አውሮፕላን በምድር ላይ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ጎዳናውን መሥራት ደግሞ የመሐንዲሱ ድርሻ ነው።